ናፍጣው የት ገባ?

ወር ሲያልቅ ጠረጴዛዬ ላይ ከሚከመሩት ወረቀቶች ሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የነዳጅ መዝገቡን ነው። የአንድ ድርጅት ተሽከርካሪዎች ስምሪትና ጥገና በእኔ እጅ ነው። ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት ጋራዥ ውስጥ በመካኒክነት ሠርቻለሁ። አንድ ናፍጣ ፒካፕ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር መሄድ እንዳለበት ጠንቅቄ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ወር መጨረሻ ላይ ከሃይሉክሶቻችን የአንዱ ቁጥር ዓይኔን ያዘው። 1,204 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ 143 ሊትር ቀድቷል። ሲካፈል በሊትር 8.4 ነው። እኛ የምንሠራበት መለኪያ ደግሞ በሊትር 10 ነበር። በመለኪያው ቢሆን 120 ሊትር በበቃው፤ 23 ሊትር ገደማ ትርፍ ሄዷል። ሾፌሩን አስጠራኋቸው። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እሳቸው መሪ ሲይዙ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ወንበር እንኳ ሳላቀርብላቸው «ጋሼ፣ ናፍጣው የት ገባ?» አልኳቸው።

ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ ነገ አብረን እንውጣ። መኪናውን ራስህ እየው፤ ከዚያ በኋላ የምትፈርደውን ፍረድ» አሉኝና ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ወጡ።

በማግስቱ ማልደን ወደ ደብረ ብርሃን ተነሣን። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሸኖ ላይ ለቁርስ ስንቆም ወደ ሻይ ቤቱ ከመግባታችን በፊት «ና፣ ቸርኬዎቹን በየተራ ዳስሳቸው» አሉኝ። የኋላዎቹ ሁለቱ ለብ ብለዋል። የፊት ግራውም እንደዚያው ነው። ወደ ፊት ቀኙ እጄን ሳስጠጋ ግን ገና ሳልነካው ወላፈኑ መዳፌን ገረፈው። ፍሬን ይዟል። ፔዳሉ ቢለቀቅም ሸራው ዲስኩን አልለቀቀም። ሞተሩ መኪናውን ወደ ፊት ሲገፋ አንዱ ጎማ ቀኑን ሙሉ ወደ ኋላ ይጎትተው ነበር። የጠፋው ናፍጣ ከፊሉ እዚያ ቸርኬ ላይ ሙቀት ሆኖ ሲበተን በእጄ ዳሰስኩት።

ቢሮ ስመለስ የጥገና ጥያቄዎቹን ፋይል አወጣሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት በእሳቸው እጅ «ወደ ቀኝ ይስባል» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። ፈርሜ ወረፋ አስይዤው ረስቼዋለሁ።

የዚያን ቀን ያየነው ሁለተኛ ነገር ጎማዎቹ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር አራቱም ተቀይረዋል። መኪናው ሲመጣ የነበረው 265/65 ባለ 17 ኢንች ጎማ ነው። በገበያ የተገኘው ግን 265/70 ሆነና እሱ ገባ። ልዩነቱ በዓይን አያስታውቅም፤ የጎማው ቁመት ከ77.6 ሳንቲ ሜትር ወደ 80.3 ከፍ ይላል። ነገር ግን ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ደግሞ የሚያውቀው ዙሩን ብቻ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው 1,204 ባለበት ወር መኪናው በእውነቱ የሄደው 1,245 ገደማ ነው። ያ 41 ኪሎ ሜትር በእኛ መለኪያ 4 ሊትር ነው። 4 ሊትር በሾፌሩ ላይ ተጽፎባቸው ነበር፤ ጥፋታቸውም እኛ የገዛነውን ጎማ መንዳታቸው ነው።

ሦስተኛው አቀዳዳችን ነው። ወሩ ሲጀምር መቅጃው በራሱ ቀጥ ሲል ቆሟል። ወሩ ሲያልቅ ግን የማደያው ሠራተኛ አረፋው እስኪወርድ እየጠበቀ እስከ አንገቱ ሞልቶታል። 80 ሊትር በሚይዝ ታንከር በሁለቱ አሞላል መካከል ጥቂት ሊትር ይለያያል። ያ ናፍጣ ታንከሩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ መዝገቡ ላይ ግን እንደ ተቃጠለ ተቆጥሯል።

ፍሬኑን ሠራን፤ የጎማውን ልዩነት በስሌቱ ውስጥ አስገባን፤ ከዚያም ሦስት ጊዜ በትክክል ሞልተን ለካን። አማካዩ በሊትር 9.6 ሆነ። ያ መኪና በወሩ ካለፈባቸው መንገዶች ብዙው ጠጠር እንደ ነበር ስመለከት 9.6 እንዲያውም መልካም ውጤት ነበር። ለመሆኑ 10 የሚለውን ቁጥር ከየት አመጣነው? መኪናዎቹ አዲስ ሳሉ ባዶአቸውን አስፋልት ላይ ተለክተው የተያዘ ቁጥር ነው። ለዓመታት ሰዎችን የመዘንንበት ሚዛን ይህ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፒካፕና ስለ ናፍጣ የማውቀውን ሁሉ እንደ ገና ከመጀመሪያው አሰብኩት። ናፍጣ ሞተር ነዳጅ ቆጣቢ የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከአሥር በመቶ በላይ የበለጠ ኃይል ይዟል። ሞተሩም አየሩን አጥብቆ ስለሚጨምቅ ከነዳጁ የሚያወጣው ሥራ ይበልጣል። ግን ይህ ቁጠባ ፒካፑ በሚውልበት ቦታ ይወሰናል፤ የእኛ አገር መንገድ ደግሞ ለሞተር አይራራም።

የዓባይን በረሃ ውሰዱ። ከድልድዩ እስከ ደጀን መኪናው 1,400 ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል። ሁለት ቶን የሚመዝን ፒካፕ ያን ያህል ከፍ ለማለት ብቻ፣ ሞተሩ ከነዳጁ ሲሶውን ወደ ሥራ ይለውጣል ብለን ብናሰላ፣ 2.3 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህ ሜዳ ላይ ለመሄድ ከሚያቃጥለው ሌላ ተጨማሪ ነው። ከኋላ 8 ኩንታል ከተጫነ ለዳገቱ ብቻ የሚበቃው 3.2 ሊትር ይሆናል። በዚያች 20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ የትኛውም ጎበዝ ሾፌር በሊትር 10 ሊያመጣ አይችልም። 5 ካመጣም ተመስገን ነው።

ቁልቁለቱ የዳገቱን ዕዳ በከፊል ይመልሳል፤ እሱም ማርሹ ሳይወጣ ሲወረድ ነው። በዘመናዊዎቹ ናፍጣ ሞተሮች ማርሽ እንደ ገባ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ኮምፒውተሩ ናፍጣውን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ጎማው ራሱ ሞተሩን ያዞረዋል። ማርሹን ዜሮ አድርጎ የሚወርድ ሾፌር ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ማቃጠል አለበት። እቆጥባለሁ ሲል ያባክናል፤ ከዚያም በላይ ሞተሩ የሚይዝለትን ክብደት ሁሉ በፍሬን ላይ ይጥለዋል። ፍሬን ግሎ ከከዳ በኋላ የሚተርፍ ቁጠባ የለም። ይህን ለአዲስ ሾፌር ሁሉ በመጀመሪያው ቀን እነግራለሁ።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ይህን ጉድለት አየር ጨምቀው ይሸፍኑታል። ቱርቦ የሌላቸው አሮጌዎቹ ሃይሉክሶች ግን ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጣቸው የሚያቃጥሉበት አየር አይበቃቸውም። ጥቁር ጭስ የምናየው ያኔ ነው። ያ ጭስ ገንዘብ የተከፈለበት፣ ሥራ ሳይሠራ የወጣ ናፍጣ ነው። ቱርቦ ያለው መኪና እንደዚያ ማጨስ ከጀመረ ደግሞ የአየር ፊልትሮውንና ከቱርቦው የሚወጣውን ጎማ ቱቦ ማየት ነው። የተሰነጠቀ ቱቦ አየሩን መንገድ ላይ ያፈሰዋል።

ከዚህ ሌላ ፍጥነት አለ። ንፋስ መኪናን የሚይዝበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ይብሳል። ከ80 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስንጨምር ንፋሱ ከግማሽ በላይ ይከብዳል። ፒካፕ ደግሞ ቁመቱ ረጅም፣ ፊቱ ሰፊ፣ ከኋላው ክፍት ነው። በላዩ ባዶ ፖርቶ መጋላ ሲጨመርበት ንፋሱን እየታገለ ነው የሚሄደው። ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ የሚሄዱ መኪናዎቻችን በአሮጌው መንገድ ከሚሄዱት የበለጠ ናፍጣ አቃጥለው ሲመጡ ቀድሞ ግራ ይገባኝ ነበር። መንገዱ ለስላሳ ነው፤ ግን ለስላሳነቱ እግርን ይጋብዛል።

ከሁሉ በላይ ያሳዘነኝ ግን ቆሞ የሚቃጠለው ነው። የፒካፕ ሞተር ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 0.6 ሊትር ገደማ ይወስዳል። ኃላፊው ስብሰባ ሲገባ «አታጥፋው፣ አሁን እመለሳለሁ» ይላል። ማደያ ሰልፍ ላይ መኪናው እየተነሣ እየቆመ ሲሳብ ይውላል። ጠዋት «ሞተሩ ይሙቅ» ተብሎ ግቢ ውስጥ ያጉረመርማል። እነዚህ ተደምረው በቀን ሁለት ሰዓት ከሆኑ በ25 የሥራ ቀን 30 ሊትር ናቸው። እኔ ሰው ያስጠራሁት ለ23 ሊትር ነው። «አታጥፋው» ካሉት ኃላፊዎች መካከል እኔም አለሁበት፤ ለእኔ ግን መዝገቡ ላይ የተከፈተ ዓምድ አልነበረም።

ለሥራ ባልደረቦቼ የስሌት ነገር አንድ ልጨምር። በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር የሚለው አቆጣጠራችን አንድ ነገር ይደብቃል። በሊትር 11 የሚሄድን መኪና ወደ 12 ብናሻሽለው በ1,000 ኪሎ ሜትር 7.6 ሊትር እናተርፋለን። በሊትር 8 የሚሄደውን ወደ 9 ብናደርሰው ግን ትርፉ 13.9 ሊትር ነው። ጭማሪው በሁለቱም አንድ ኪሎ ሜትር ሆኖ ሳለ ትርፉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ ጋራዥ መጀመሪያ መግባት ያለበት ከሁሉ የከፋው መኪና ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የምንንከባከበው አዲሱን ነው፤ አሮጌውን «ድሮም ነዳጅ ይበላል» ብለን እንተወዋለን።

አለካካችንን ከዚያ ወር በኋላ ቀይረነዋል። በተቻለ መጠን ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ መቅጃ፣ ጠዋት እንቀዳለን፤ መቅጃው በራሱ ቀጥ ሲል እናቆማለን። በአንድ ሙሌት አንፈርድም፤ የሦስቱን አማካይ እንይዛለን። የጎማ ንፋስ የሚለካው መኪናው ሳይነዳ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ መጠኑም በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ይነበባል። ፎር ዊል ደረቅ አስፋልት ላይ እንዳይገባ፣ ገብቶም እንዳይረሳ እናሳስባለን። ከበርሜልና ከጀሪካን የተቀዳ ናፍጣ ውኃ ሊኖረው ስለሚችል ፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ ቶሎ ቶሎ እናፈሳለን። ለአንድ መኪናም አንድ መለኪያ ብቻ አንይዝም፤ ለአስፋልት፣ ለጠጠር፣ ለከተማ ለየብቻ ነው።

ናፍጣ አይሰረቅም አልልም። ይሰረቃል። በሥራዬ ዘመን አይቻለሁ። ነገር ግን ስርቆትን ለይቶ የሚያሳየውም ይኸው ጥንቃቄ ነው። መንገዱ ያው፣ ጭነቱ ያው፣ መኪናው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ በድንገት ወርዶ በሦስት ሙሌት ካልተመለሰ ያኔ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሚዛኑ የተበላሸበት ቤት ግን ሌባውም ጨዋውም አንድ ይሆናሉ። ሌባው በስህተቱ ውስጥ ይደበቃል፤ ጨዋው በስህተቱ ይከሰሳል። ነዳጃችን በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ በአብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ የሚመጣ ነው። እያንዳንዱን ሊትር መቆጣጠራችን ትክክል ነው። የሊትሩ ዋጋ ግን የሰውን ስም ያህል አይከብድም።

ጋሼን ይቅርታ የጠየቅኳቸው ከደብረ ብርሃን የተመለስን ዕለት ሳይሆን በሳምንቱ ነው። ሌሎቹ ሾፌሮች ባሉበት መሆን ነበረበት፤ ስለ ናፍጣው የተነሣው ሐሜት የደረሰው እነሱ ጋ ነበርና። ሁሉም በተሰበሰቡበት የጥገና ጥያቄያቸውን ከነፊርማዬ አነበብኩት። አንብቤ ስጨርስ ቆሜ ጠበቅኩ። እሳቸው «እንግዲህ ፍሬኑ ተሠርቷል» አሉና ቁልፋቸውን ተቀብለው ወጡ።

የነዳጅ መዝገቡ ላይ አሁን አንድ ዓምድ ተጨምሯል፤ «ሾፌሩ ስለ መኪናው ያስታወቀው» ይላል። ከኪሎ ሜትሩና ከሊትሩ በፊት ነው የተቀመጠው። ወር ሲያልቅ ማንበብ የምጀምረው ከዚያ ነው። ግቢ ውስጥ ከመንገድ የገባ ፒካፕ ሳይም እጄን ወደ ቸርኬው አስጠጋለሁ።