የአረፋው በግ ከገበያ እስከ ቤት



የዒድ አል-አድሓ (አረፋ) ሰሞን ከዳንግላ ወይም ከእንጅባራ ገበያ በግ ገዝተው ሲመለሱ መንገድ ላይ ምን ያያሉ? አራት እግሩ ተጠፍሮ በሞተር ሳይክል ላይ የተጫነ፣ በአውቶብስ ጣሪያ ላይ ከሻንጣ ጋር የታሰረ፣ በመኪና የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ የተቆለፈ በግ ያያሉ። «ነገ ለሚታረድ ምን አለበት?» የሚሉም አይጠፉም። ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም።

አዊና አካባቢው የዋሸራ ወይም የዳንግላ በግ የሚባለው፣ ጸጉሩ አጭር፣ ላቱ ወፍራም፣ አካሉ ግዙፍ የሆነ ዝርያ መገኛ ነው። ይህን የመሰለ በግ በክፉ ጉዞ ማበላሸት ያሳዝናል።

ጉዞው ሥጋውን እንዴት ይጎዳል?

በግ ሲፈራ፣ ሲታገልና ሲጠማ በጡንቻው ውስጥ ያለው የስኳር ክምችት ይሟጠጣል። ይህ ክምችት ከዕርድ በኋላ ወደ አሲድነት ተለውጦ ሥጋውን ቶሎ ከመበላሸት የሚከላከል ነው። ክምችቱ ያለቀበት በግ ሥጋ ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ ፈጥኖም ይበላሻል። የዒድ ሥጋ ደግሞ ለዘመድ፣ ለጎረቤትና ለሚስኪን የሚከፋፈል፣ ማቀዝቀዣ በሌለው ቤትም የሚያድር ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው እንግዲህ እርስዎ ዘንድ ብቻ አይደለም።

በጀርባው የተጋደመ በግ ደግሞ በሆዱ ውስጥ የሚፈጠረውን ጋዝ ማግሳት አይችልም። ሆዱ ተነፍቶ ሳንባውን ይጫነዋል፤ ታፍኖም ሊሞት ይችላል። እግሩ ቢሰበርስ? በግልጽ የሚያነክስ ወይም በግልጽ የታመመ እንስሳ ለኡድሒያ እንደማይበቃ በሐዲስ ተመልክቷል። በመንገድ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳት ከደረሰ ከማረድዎ በፊት ዓሊም ይጠይቁ።

ምን ያድርጉ?

1. ሲገዙ፦ ዓይኑ የነቃ፣ አፍንጫው ንጹሕ፣ የማያስልና የማያስቀምጠው፣ ቀጥ ብሎ የሚራመድ በግ ይምረጡ። በቅርቡ መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ሻጩን ይጠይቁ። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ እንደ ዓይነቱ ቀናት ወይም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል።

2. ሲጭኑ፦ በጆሮው፣ በጸጉሩ ወይም በላቱ አይጎትቱት፤ ደረቱንና የኋላ እግሩን ደግፈው ያንሡት። እግሩን ሳይጠፍሩ፣ ወለሉ ላይ ጭድ ወይም ሣር አንጥፈው በእግሩ ያቁሙት። ጥላ ያብጁለት፤ አየርም እንዲያገኝ ያድርጉ። ቤትዎ ቅርብ ከሆነ ቀስ ብለው እየነዱት በእግር ይሂዱ። ከሕፃናትና ከምግብ ይለዩት፤ ከነኩትም በኋላ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

3. በመንገድ ላይ፦ ከእንጅባራ አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ የተነሣ በግ በዓባይ በረሃ ሙቀት ውስጥ ያልፋል። ስለዚህ በረሃውን በጠዋት ወይም በማታ ቢያልፉት ይመረጣል። መኪናው በቆመ ቁጥር በጉን ይዩት፤ ውኃም ይስጡት። አረፋ በ2016 ዓ.ም በሰኔ፣ በ2017 ዓ.ም በግንቦት መጨረሻ እንደዋለ ያስታውሱ። ወቅቱ ዝናብ ነውና መሸፈኛ ሸራ ይያዙ።

4. ሲደርሱ፦ ውኃ ሰጥተው ጥላ ሥር ያሳርፉት። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይረፍ። ከዕርዱ በፊት ባለው ሌሊት መኖ ይከልክሉት፤ ውኃ ግን አይከልክሉት። ይህ እንዲሆን ከዒዱ ሁለት ሦስት ቀን ቀድመው ይግዙ።

በጉ በመንገድ ላይ ቢሞት አይብሉት፤ ጥንብ ሐራም ነው። በተለይ በድንገት ሞቶ ከአፍ፣ ከአፍንጫ ወይም ከፊንጢጣው ደም ከወጣ አባሰንጋ ሊሆን ስለሚችል አይክፈቱት፣ ቆዳውንም አይግፈፉ። ለአካባቢዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ።

ውድ አንባብያን! ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስናርድ ቢላዋችንን እንድንስልና እንስሳውን እንድናሳርፍ አዘውናል። ታዲያ ማሳረፉ ቢላዋው ሲነሣ ብቻ ለምን ይጀመራል? ገመዱን ከሻጩ እጅ ከተቀበሉባት ቅጽበት ይጀምሩት።

አላህ ኡድሒያችንን ይቀበለን።