የዲዝኒ ኩባንያ ታሪክና ጸሐፊዎቹ

የዋልት ዲዝኒ ኩባንያን ታሪክ የሚተርኩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው፤ ሚዛን የጠበቁት ግን ጥቂት ናቸው። ወንድማማቾቹ ዋልትና ሮይ ዲዝኒ ኩባንያውን በሎስ አንጀለስ የመሠረቱት ኦክቶበር 16 ቀን 1923 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የኩባንያው ፊልሞችና መዝናኛ ስፍራዎች ሰዎች ልጅነታቸውን የሚያስታውሱባቸው ሆነዋል። ስለዚህ አንባቢውም ደራሲውም ወደ ታሪኩ የሚመጡት ከፍቅር ወይም ከቅሬታ ጋር ነው። የባንክ ወይም የነዳጅ ኩባንያ ታሪክ የሚጽፍ ሰው እንዲህ ያለ ፈተና አይገጥመውም።

ሌላው ፈተና የሰነዶቹ ቁልፍ በራሱ በኩባንያው እጅ መሆኑ ነው። በ1970 ዴቭ ስሚዝ የተባለ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ በካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ከተማ የኩባንያውን ቤተ መዛግብት አቋቋመ፤ እስከ 2010ም መራው። ደብዳቤው፣ ውሉ፣ ሥዕሉ፣ በፊልም ዝግጅት ስብሰባዎች ላይ የተባለው ሁሉ በጽሑፍ የሰፈረበት ቃለ ጉባኤ እዚያ ባይሰበሰብ ኖሮ ዛሬ ከሚነበበው ታሪክ ብዙው አይጻፍም ነበር። ይሁን እንጂ ቤተ መዛግብቱ ለሁሉም ክፍት አይደለም፤ ማን ምን እንደሚያይ የሚወስነው ኩባንያው ነው። መጽሐፍ የሚመርጥ አንባቢ እንግዲህ በመጀመሪያ ሊያጣራው የሚገባው ነገር ደራሲው እነዚህን ሰነዶች ማየት አለማየቱን፣ ካየም በምን ስምምነት እንዳያቸው ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በመቅድሙ ወይም በምስጋናው ገጽ ላይ ይገኛል።

ለኩባንያው ቅርብ ከሆኑት ሥራዎች የሚበልጠው ቦብ ቶማስ በ1976 ያሳተመው የዋልት የሕይወት ታሪክ፣ «አን አሜሪካን ኦሪጂናል» ነው። ቶማስ የአሶሺዬትድ ፕሬስ የሆሊውድ ዘጋቢ ነበር። ዋልትን በአካል ያውቀዋል፤ በ1958ም ከኩባንያው ጋር ሆኖ ስለ አኒሜሽን ጥበብ መጽሐፍ አውጥቷል። ቤተሰቡም ኩባንያውም ተባብረውታል፤ መጽሐፉን በ1990ዎቹ መልሶ ያሳተመው ሃይፒሪየን የኩባንያው የራሱ አሳታሚ ድርጅት ነበር። ይህ ሁሉ ሲታወቅ መጽሐፉን መጣል አይገባም። የነገሮቹ ቅደም ተከተል፣ የገንዘቡ ጉዳይ፣ የሁለቱ ወንድማማቾች የሥራ ክፍፍል በጥሩ ሁኔታ ተተርኳል። ጉድለቱ የሚታየው ዋልት ከሠራተኞቹ ጋር በተጋጨበት ቦታ ሁሉ ትረካው ለእሱ ማዘንበሉ ላይ ነው። ቶማስ በ1998 ስለ ሮይም ለብቻው ጽፏል። ፊልሞቹ በየትኛው ብድር እንደተሠሩ ለሚጠይቅ ያ መጽሐፍ ከፊተኛው ይልቅ ይጠቅማል።

ከተቃራኒው ወገን ቀዳሚው የፊልም ሐያሲው ሪቻርድ ሺከል ነው። «ዘ ዲዝኒ ቨርዥን» የተባለው ሥራው የወጣው ዋልት በዲሴምበር 1966 ከሞተ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1968 ነው። ሺከል ኩባንያው ተረትንና ተፈጥሮን ወደ ሸቀጥ ለውጧል ብሎ ይሞግታል። መከራከሪያው እስካሁን ጉልበት አለው፤ ነገር ግን መነበብ ያለበት እንደ ሂስ እንጂ እንደ ተሟላ ታሪክ አይደለም። በ1971 በቺሊ የታተመው የአሪኤል ዶርፍማንና የአርማን ማተላር መጽሐፍም ከዚህ ወገን ነው። የዶናልድ ዳክን የሥዕል መጽሔቶች የአሜሪካ ኃያልነት መስበኪያ አድርጎ ይተነትናል፤ ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ወታደሮች ቅጂዎቹን አጥፍተዋል። ስለ ዘመኑ ፖለቲካ ብዙ ይናገራል። ስለ ኩባንያው አሠራር ግን የሚለው ጥቂት ነው፤ ከእነዚያ መጽሔቶች ብዙዎቹን በፈቃድ ያዘጋጁት ሌሎች አሳታሚዎች ስለነበሩ፣ የታሪኮቹን ሐሳብ በሙሉ ለዲዝኒ መስጠት አያስኬድም።

ማርክ ኤሊየት በ1993 ያወጣው «ሆሊውድስ ዳርክ ፕሪንስ» የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጽሐፉ ዋልትን የኤፍቢአይ ሰላይ ያደርገዋል፤ ትውልዱንም አጠራጣሪ አድርጎ ያቀርባል። ዋልት ከኤፍቢአይ ጋር የወዳጅነት ግንኙነት እንደነበረው የድርጅቱ ሰነድ ያሳያል፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ስለላ መዝለል ግን ሰነዱ የማይሸከመው ድምዳሜ ነው። ቤተሰቡም የአኒሜሽን ታሪክ አጥኚዎችም መጽሐፉን አጥብቀው ተቃውመውታል። እስከ ዛሬ በየቦታው የሚደጋገም ወሬ አንዳንዴ ምንጩ ይኸው መጽሐፍ ስለሆነ፣ ሌላ ደራሲ እሱን ብቻ ምንጭ አድርጎ ሲጠቅስ አንባቢ ሊጠራጠር ይገባዋል።

የመጽሐፍን ሚዛን ለመፈተን ከሁሉ የሚሻለው የ1941ን የሥራ ማቆም አድማ የሚተርከውን ምዕራፍ አስቀድሞ ማንበብ ነው። በ1937 መጨረሻ የታየው «ስኖው ዋይት» ብዙ ገንዘብ አስገብቶ ነበር፤ ኩባንያው በዚያ ገቢ ተማምኖ ሠራተኛ አበዛ፣ በበርባንክ አዲስ ስቱዲዮ ገነባ። በ1940 የወጡት «ፒኖኪዮ» እና «ፋንታዚያ» ግን ወጪያቸውን አልመለሱም፤ ጦርነቱ የአውሮፓን ገበያ ዘግቶት ነበር። በዚያው ዓመት ኩባንያው ለመጀመሪያ ጊዜ አክሲዮን ለሕዝብ ሸጠ። በሠራተኞቹ ደመወዝ መካከል ሰፊ ልዩነት ነበር፤ ከደከሙት ብዙዎቹም ስማቸው በፊልሙ ላይ አልሰፈረም። ዋልት ጉፊ የተባለውን የካርቱን ገጸ ባሕርይ በማሳደግ የሚታወቀውን አኒሜተር አርት ባቢትን የሠራተኛ ማኅበሩን በመደገፉ ሲያባርረው ነገሩ ፈነዳ። ሜይ 29 ቀን ሠዓሊዎች በስቱዲዮው በር ላይ ተሰለፉ። ባቢት ራሱ ጥሩ ተከፋይ ነበር፤ የቆመው ከእሱ በታች ላሉት ነው። ዋልት በበጋው መጨረሻ ወደ ደቡብ አሜሪካ ተጓዘ፤ ጉዳዩ በፌዴራል መንግሥት ሽምግልና ሲያልቅም ኩባንያው ለማኅበሩ እውቅና ሰጠ። በ1947 ዋልት በአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ አድማውን የኮሚኒስቶች ሥራ ነው ሲል መሰከረ፤ ሰዎችንም በስም ጠራ።

አድናቂው ደራሲ በዚህ ምዕራፍ ቶሎ ያልፋል፤ ጥፋቱንም ሁሉ በውጭ ቀስቃሾች ላይ ያደርጋል። ከሳሹ ደራሲ ደግሞ የ1940ን ኪሳራና የአበዳሪ ባንኩን ጫና አያነሣም። ሁለቱንም አንድ ላይ የያዘው የጄክ ፍሪድማን «ዘ ዲዝኒ ሪቮልት» (2022) ነው፤ የዋልትንና የባቢትን ሕይወት ጎን ለጎን እያስኬደ ወደ ግጭቱ ያደርሳል። ቶም ሲቶ በ2006 የጻፈው የአኒሜሽን ሠራተኛ ማኅበራት ታሪክም አለ። ሲቶ ራሱ በዲዝኒ የሠራ አኒሜተርና የማኅበሩ መሪ የነበረ ነው፤ ወገንተኝነቱን ስለማይደብቅ አንባቢ ሚዛኑን ማስተካከል ይችላል።

በዋልት ዘመን ላይ ዛሬ ዋና የሚባሉት ሁለት መጻሕፍት በተከታታይ ዓመታት ወጡ። ኒል ጋብለር በ2006 ያሳተመው ትልቅ ጥራዝ ሰፊ የመዛግብት ፈቃድ አግኝቶ የተጻፈ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የዋልትን ልጅ ዳያንን አላስደሰተም። ፈቃድ ያገኘ ሁሉ አወዳሽ እንደማይሆን ይህ በቂ ማስረጃ ነው። ቀደም ሲል ሆሊውድን ስለመሠረቱ አይሁዶች የጻፈው ጋብለር፣ ዋልት አይሁዶችን ይጠላ ነበር የሚለውን ክስ በጥንቃቄ መርምሯል። በግል ሕይወቱ የጥላቻ ማስረጃ እምብዛም አላገኘም፤ ይሁን እንጂ በ1944 የተቋቋመውንና አይሁዶችን የሚጠሉ ሰዎች የነበሩበትን ፀረ ኮሚኒስት ማኅበር በመቀላቀሉ ስሙን ለክሱ እንዳጋለጠ ያሳያል። የማይክል ባሪየር «ዚ አኒሜትድ ማን» (2007) ደግሞ አጠር ያለ ነው። ባሪየር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቀድሞ ሠራተኞችን አነጋግሯል፤ የጋብለርንም ስሕተቶች አንድ በአንድ ነቅሷል። ለጋብለር ፊልሞቹ የአንድ ሰው የነፍስ ምኞት ምልክት ናቸው፤ ባሪየር ግን ማን ሣላቸው፣ እንዴት ተሠሩ፣ የትኛውስ ተሳካ ብሎ ይጠይቃል። ኩባንያው በመጀመሪያ የሥዕል ስቱዲዮ ነበርና የባሪየር መንገድ ወደ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀርባል። አንድ ብቻ ማንበብ የሚችል ሰው የእሱን ቢመርጥ አይጎዳም።

ከዋልት ሞት በኋላ ታሪኩ የቦርድና የባለአክሲዮን ይሆናል። በ1984 ሶል ስታይንበርግ የተባለ ባለሀብት ኩባንያውን ለመጠቅለል ሞከረ፤ ኩባንያው አክሲዮኑን ከእሱ መልሶ በመግዛት አመለጠ። በዚያው ዓመት ማይክል አይስነርና ፍራንክ ዌልስ አመራሩን ያዙ። ይህን የጆን ቴይለር መጽሐፍ (1987) ይተርከዋል። ቀጣዮቹን ሃያ ዓመታት የጄምስ ስቱዋርት «ዲዝኒዎር» (2005) ይዟል። ስቱዋርት የፑሊትዘር ተሸላሚ ጋዜጠኛ ነው፤ ሥራውን የጀመረው በአይስነር ፈቃድ ሲሆን፣ በመዝናኛ ስፍራው የጉፊን ልብስ ለብሶ እንግዶችን እስከ መቀበል ደርሷል። በመካከል ግን የዋልት የወንድም ልጅ ሮይ ኢ. ዲዝኒ በኖቬምበር 2003 አይስነርን በመቃወም ከቦርዱ ለቀቀ። በ2004ቱ የባለአክሲዮኖች ጉባኤም ከ40 በመቶ በላይ የሆነ ድምፅ ለአይስነር ተነፈገ። መጽሐፉ በዚህ ውጊያ መሀል ስለተጻፈ፣ ቂም የያዙ ሰዎች በብዛት የሚናገሩበት ነው። ከአይስነር የራሱ ማስታወሻ (1998) ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ከሁለቱም የሚሻል ምስክር በአንድ ጉዳይ ላይ አለ፦ በ1995 ተቀጥሮ ከአንድ ዓመት ጥቂት ወራት በኋላ ወደ 140 ሚሊዮን ዶላር ይዞ የተሰናበተው የማይክል ኦቪትዝ ጉዳይ። ምስክሩ የዴላዌር ፍርድ ቤት በ2005 የሰጠው ውሳኔ ነው፤ ፍርድ ቤቱ የቦርዱን አባላት ተጠያቂ አላደረገም፤ አሠራራቸው ግን ከመልካም አርአያነት የራቀ መሆኑን በዝርዝር ጽፏል።

ሥዕሎቹን በቀለምና በመስመር ይጨርሱ የነበሩትን ጨምሮ የስቱዲዮው ሴት ሠራተኞች ለረጅም ጊዜ ተረስተው ነበር። ሚንዲ ጆንሰን በ2017፣ ናታሊያ ሆልት በ2019 በስፋት ጽፈውላቸዋል። የጆንሰን መጽሐፍ የታተመው በራሱ በዲዝኒ አሳታሚ ነው፤ ሆኖም በሌላ ቦታ የማይገኝ መረጃ ስለያዘ በአሳታሚው ምክንያት ሊታለፍ አይገባም።

ከ2005 ወዲህ ላለው ዘመን ግን ከሩቅ ሆኖ የሚመዝን ጥራዝ ገና አልበረከተም። አይስነርን የተካው የቦብ አይገር ማስታወሻ (2019) ስለ ፒክሳር፣ ማርቬል፣ ሉካስፊልምና ፎክስ ግዢዎች የውሳኔ ሰጪውን ወገን ብቻ ይነግራል። የሌላውን ወገን ለማወቅ በየተገዙት ድርጅቶች በኩል መሄድ ያስፈልጋል፦ ለፒክሳር የዴቪድ ፕራይስ «ዘ ፒክሳር ተች» (2008) እና የኤድ ካትሙል ማስታወሻ (2014)፣ ለማርቬል ደግሞ በ2023 የወጣው የስቱዲዮው ታሪክ።