ኦክስጅን ሲጠፋ የሚቆም ሕይወት

የዜብራ ዓሣ ፅንስ ገላው እንደ መስታወት ብርሃን ስለሚያሳልፍ ልቡ ሲመታ በማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያል። በአሜሪካ፣ ሲያትል በሚገኘው የፍሬድ ሃቺንሰን የካንሰር ምርምር ማዕከል ፓሜላ ፓዲላና ማርክ ሮዝ ይህን ፅንስ ጨርሶ ኦክስጅን በሌለበት አቆዩት። የሴሎቹ መከፋፈል ተገታ፤ ልቡም ቆመ። ከ24 ሰዓት በኋላ አየር ሲያገኝ ግን ልቡ ዳግም መምታት ጀመረ፤ እድገቱም ካቆመበት ቀጠለ። ውጤቱ የታተመው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው።

ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ ጥቂት ኦክስጅን መቅረቱ ጨርሶ ከመጥፋቱ የከፋ ሊሆን መቻሉ ነው። ሲ. ኤለጋንስ የተባለችው ደቃቅ ትል ፅንስ ኦክስጅን ፈጽሞ ሲያጣ ሥራውን ሁሉ አቁሞ በሕይወት ይቆያል። ትንሽ ሲቀርለት ግን ሥራውን አያቆምም፤ ለመቀጠልም አቅም የለውምና ይሞታል።

በ2005 እ.ኤ.አ. የሮዝ ቡድን አይጦችን ጥቂት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ያለበት አየር አስተነፈሰ። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ይህ ጋዝ ሴሎች በኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። የአይጦቹ ኦክስጅን ፍጆታ 90 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ከ6 ሰዓት በኋላም ያለ ጉዳት አገገሙ። በበግና በአሳማ ላይ ሲሞከር ግን ያው ውጤት አልተገኘም። ዘዴው ቢሳካ በበረዶ ተይዞ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ለሚቆየው የተለገሰ ልብ ትልቅ እፎይታ ይሆን ነበር።