ትንሿ ሲሊንደር

በጀርባው ትልቅ የአየር ሲሊንደር ያዘለ ጠላቂ በጎኑ ሌላ ትንሽ ጨምሮ ከጀልባ ሲገባ ያየ ሰው፣ ውኃ ውስጥ ብዙ ሊቆይ ያሰበ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ትንሿ ለክፉ ቀን የተያዘች ናት፤ ጠላቂዎች «ፖኒ» ይሏታል።

የዛሬው የስኩባ (የውኃ ውስጥ መተንፈሻ) መሣሪያ የፈረንሳይ ባሕር ኃይል መኮንኑ ዣክ ኩስቶና ኢንጂነሩ ኤሚል ጋኛን እንደ ፈረንጆቹ በ1943 ከሠሩት ሬጉሌተር የመጣ ነው። ሬጉሌተር ለእያንዳንዱ ትንፋሽ በዙሪያው ባለው ውኃ ግፊት ልክ አየር ይሰጣል። ጭንቁም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ላይ ሆኖ በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 30 ሜትር ጥልቀት ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን 80 ሊትር ይጨርሳል። ከደነገጠ 120 ሊትርም ሊሄድ ይችላል። የተለመደው ትልቅ ሲሊንደር የሚይዘው 2,200 ሊትር ገደማ ነው።

አየር ቢያልቅ ሥልጠናው የሚሰጠው መልስ ጓደኛ ነው፤ እያንዳንዱ ጠላቂ ለሌላው የሚሆን ትርፍ አፍ መተንፈሻ ይይዛል። መልካም ሥርዓት ነው፤ ጓደኛው እጅ ከሚደርስበት ካልራቀ። ጀልባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የማይተዋወቁ ሰዎች ይጣመራሉ፤ አንዱ ፎቶ ሲያነሣ ሌላውን ሞገድ ይወስደዋል። የራስ ትርፍ መተንፈሻም አየር የሚስበው ከዚያው ካለቀው ሲሊንደር ነው።

ስለዚህ ፖኒ የራሷ ሬጉሌተርና የግፊት መለኪያ ሊኖራት ይገባል። መጠኗስ? ከ30 ሜትር በደቂቃ 9 ሜትር እየወጣ፣ 5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ቆሞ፣ ደንግጦ በውኃ ላይ ሒሳብ በደቂቃ 30 ሊትር የሚተነፍስ ሰው 400 ሊትር ያህል ይፈልጋል። በ200 ባር የተሞላ ባለ 3 ሊትር ሲሊንደር 600 ይይዛል፤ ይበቃል። በእጅ የምትያዘው፣ 85 ሊትር ብቻ የምትይዘው በጣም ትንሽ ጠርሙስ ግን እዚያ ጥልቀት ላይ ከአንድ ደቂቃ በታች ታልቃለች። ለ30 ሜትር እሷን ይዞ መተማመን አደገኛ ነው።

ቫልቭዋ ተከፍቶ ይያዝ ወይስ ተዘግቶ በሚለው ጠላቂዎች ይከራከራሉ። የተከፈተ ሳይታወቅ ሊያፈስ ይችላል፤ የተዘጋን ደግሞ አየር ያጣ ሰው በድንጋጤ መክፈት አለበት። እኔ መለኪያዋ በዓይን እስከታየ ድረስ ከፍተው ከሚይዙት ጋር ነኝ። ከዚህ የሚብሰው ስሕተት የፖኒዋን መተንፈሻ እንደ ዋናው ጎርሶ መውረድ ነው፤ የተለየ ቀለም ያስፈልጋታል። የያዘችው አየርም በጉዞው ሒሳብ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ይህ ሁሉ ሒሳብ ለባሕር ነው፤ ከፍ ባለ ቦታ ግን ይለወጣል። በሰሜን ወሎ ላለችው ለግራና ሰው ቅርቡ ጥልቅ ውኃ በመርሳና በውጫሌ አልፎ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳሩ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ባሕር ላይ ከ10 ሜትር ሲወጣ ሁለት እጥፍ የሚሰፋው አየር እዚህ 2.2 እጥፍ ይሰፋል። ለባሕር በተሠራው የጥልቀትና የጊዜ ሰንጠረዥ እዚያ መጥለቅ አይቻልም፤ የከፍታ ቦታ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ከፖኒ የሚተነፍስ ሰውም ትንፋሹን ሳይዝ፣ ከባሕሩም ይልቅ በዝግታ መውጣት አለበት።