አሮጌ መስኮት ማደስ ይሻላል ወይስ መለወጥ?

ሌሎች ስለ ጠፈርና ስለ ኮምፒዩተር በሚጽፉበት መጽሔት ላይ እኔ ስለ አሮጌ መስኮት ለመጻፍ መነሣቴ ጥቂት ሳያስቃችሁ አይቀርም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት በቤታችን አባቴና አያቴ ሁለት ሳምንት ያህል ተኳርፈው የሰነበቱት በመስኮት ምክንያት ስለ ሆነ፥ በዚያ ጊዜ የተማርሁትን ለእናንተ ባካፍል የሚጠቅም መስሎኛል።

ቤታችን ጉለሌ የሚገኝ የጭቃ ቤት ነው። በ1962 ዓ.ም. ያሠሩት ወንድ አያቴ፥ ነፍሳቸውን ይማርና፥ አናጢነት ጥቂት ይሞክሩ ስለ ነበር ስድስቱን መስኮቶች ከጽድ እንጨት ያበጁት በገዛ እጃቸው ነው። ዛሬ ግን ሁለቱ አልዘጋ ብለዋል፤ የአንዱ መስታወት ወድቆ በካርቶን ተሸፍኗል፤ በክረምትም ሁሉም ውኃ ያስገባሉ። አባቴ የዕቁብ ዕጣ 60,000 ብር በደረሳቸው ጊዜ «ይህን ሁሉ ነቅለን አሉሚኒየም እናስገባ» አሉ። እማማ፥ ማለት ሴት አያቴ፥ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «እኔን ከቀበራችሁ በኋላ» ብለው መለሱ።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡን እንድሠራ የታዘዝሁት እኔ ነኝ። እያንዳንዱ መስኮት ወርዱ 1 ሜትር፥ ቁመቱ 1 ሜትር ከ20 ሲሆን፥ ስድስቱ በድምሩ 7.2 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። ያነጋገርነው የአሉሚኒየም ሠራተኛ በካሬ 15,000 ብር ስለ ጠየቀን ዋጋው 108,000 ብር ሆነ። ይህም ብቻ አይደለም፤ የድሮው ክፈፍ ሲነቀል የጭቃው ግድግዳ ስለሚፈርስ ለልስንና ለቀለም ሌላ 12,000 ብር ተጨመረበት፤ በጠቅላላው 120,000 ብር መሆኑ ነው። አሉሚኒየሙ በአብዛኛው ከውጭ አገር በዶላር የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ አንድ ዶላር ከ58 ብር ገደማ ተነሥቶ ዓመት ሳይሞላው ከ120 ብር በላይ በመድረሱ፥ የሰውዬው ዋጋ ለምን እንደዚያ እንደ ናረ ለመረዳት አይከብድም። ለእኛ ግን ትርጉሙ አንድ ነበር፤ የዕቁቡ ገንዘብ ግማሹን ብቻ ይከፍላል፥ የቀረው ብድር ነው።

እማማ በበኩላቸው በሰፈራችን የሚያውቋቸውን አንድ ሽማግሌ አናጢ አስጠሩ። እኛ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሰው መላጊያም መሮም ሳይዙ፥ አንድ ወስፌ ብቻ በኪሳቸው ይዘው መጡ። ከዚያም መስኮቶቹን አንድ በአንድ፥ በተለይም የታችኛውን ጠርዝና ማዕዘኑን፥ በወስፌው ይወጉ ጀመር። ወስፌው ጥቂት ገብቶ ከቆመ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ እንደ ቅቤ ከገባ ግን በስብሷል ማለት ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው፤ ቢሆንም ማንም ሰው ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሊያደርገው የሚገባ ይመስለኛል።

እኔ እንጨት የሚበሰብሰው በዕድሜ ብዛት ይመስለኝ ነበር። እውነቱ ግን እንጨትን የሚበላው የሻጋታ ዘመድ የሆነ ሕያው ነገር ሲሆን፥ እርሱም ለመኖር ውኃ ያስፈልገዋል። እንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ ከመቶ ሃያ እጅ በታች ከሆነ ሊያድግ አይችልም። ስለዚህ ደርቆ የሚኖር እንጨት መቶ ዓመትም ቢሆን አይበሰብስም፤ ውኃ የሚቋጥርበት ማዕዘን ግን በጥቂት ዓመት ያልቃል። የእንጨቱም ዓይነት ልዩነት አለው። ጽድ በውስጡ ባለው ሽታ ያለው ቅባት ምክንያት ምስጥና ብስባሴን ይቋቋማል፤ ለአጥር ምሰሶ የተመረጠውም በዚሁ ነው። ዝግባ ለመላግ የተመቸ ቢሆንም ያን ያህል አይታገሥም፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሲደርቅ ይጣመማል፥ ይሰነጠቃልም። ዛሬ አዲስ የጽድ መስኮት ማሠራት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፤ ጽድ፥ ዝግባና ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን አዋጅ ጥበቃ ከተደረገላቸው አገር በቀል ዛፎች ውስጥ ናቸውና።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልምጣ። ጋሼ አምስቱን መስኮቶች ወግተው «ይድናሉ» ካሉ በኋላ፥ ወደ እማማ መኝታ ቤት ሲገቡ ወስፌው እስከ እጄታው ሰጠመ። ያን መስኮት ከአራት ዓመት በፊት «ያደስሁት» እኔ ነበርሁ። ታችኛው ጠርዝ ላይ ያየሁትን ቀዳዳ በስቱኮ ሞልቼ፥ በላዩ ላይ ወፍራም የዘይት ቀለም ሁለት ጊዜ ደርቤ፥ በቤተ ሰቡ ሁሉ ተመስግኜበት ነበር። ለካስ የበሰበሰውን ሳላወጣና እርጥቡ ሳይደርቅ መሸፈኔ ውኃውን ውስጥ አስሮት ኖሯል፤ ከውጭ ሲያበራ ከውስጥ አልቋል። እማማ ምንም አላሉኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ትክክለኛው ዘዴ እንዲህ ነው። የበሰበሰው ክፍል ጤነኛ እንጨት እስኪገኝ ድረስ በመሮ ተቆርጦ ይወጣል፤ በቦታውም በልኩ የተላገ ደረቅ እንጨት፥ ጭረቱ ከአሮጌው ጋር በአንድ አቅጣጫ ሆኖ፥ በኮላ ይጣበቃል። የጭረቱ ነገር ዋዛ አይደለም፤ እንጨት በርዝመቱ ብዙም ሳይለወጥ በወርዱ ግን ያብጣልና ይኮማተራል፥ ስለዚህ ጭረቱ የተዛነፈ ጥገኛ ከክረምት እስከ በጋ ሳይቆይ ይላቀቃል። መስታወቱን የሚይዘው ስቱኮ ጥሩ የሚሆነው ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከተልባ ዘይት ሲለወስ ነው። የእኛው ተልባ! ይህ ዘይት ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን ስለሚወስድ ሙቀት ይፈጥራል፤ ስለዚህ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ ያስፈልጋል። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችልም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ፥ ይልቁንም ሕፃናት ባሉበት ቤት፥ አደገኛ ነው፤ እኛ ውኃ እያርከፈከፍን ነው የፈተግነው።

ወጪያችን ይህን ይመስላል። ለጋሼ የ14 ቀን ሥራ በቀን 1,500 ብር ሒሳብ 21,000፤ ከአሮጌ በር ለወጣ ደረቅ ጽድ 6,500፤ ለመስታወት 2,800፤ ለቀለም 5,200፤ ከመርካቶ ምናለሽ ተራ ለተገዙ አሮጌ ማጠፊያዎችና ለልዩ ልዩ ነገር 3,300፤ ይህ ሁሉ 38,800 ብር ሆነ። በእኔ ጥፋት ለተበላሸው ምትክ አዲስ የእንጨት መስኮት 13,000 ብር ሲጨመር 51,800 ብር። ከዕቁቡ 8,200 ብር ተረፈ።

አባቴ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «አሉሚኒየም ቀለም አይፈልግም፤ የእናንተ እንጨት በየአራት ዓመቱ ይበላኛል» አሉ፤ እውነታቸውንም ነው። አስልቼ ባየው፥ እኔና ወንድሜ ብንቀባው በዛሬ ዋጋ በየአራት ዓመቱ 8,500 ብር ገደማ ይፈጃል። ያተረፍነው 68,200 ብር ለስምንት ጊዜ ቅብ፥ ማለት ለ32 ዓመት ይበቃል። አሉሚኒየም ሙቀትን ከእንጨት ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ አብልጦ የሚያስተላልፍ በመሆኑ በኅዳር ሌሊት ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ መገመት ይቻላል። ሆኖም አምስቱም መስኮቶች እንደ እማማው ቢሆኑ ኖሮ፥ እኔም ለአባቴ በፈረድሁ ነበር።

ለንደን የምትኖረው አክስቴ ይህን ሰምታ ስቃብኛለች። እዚያ ያሉት አሮጌ የእንጨት መስኮቶች እንደ እኛው በማጠፊያ የሚከፈቱ ሳይሆኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ ናቸው፤ በግራና በቀኝ ሣጥን ውስጥ በገመድ የተንጠለጠለ የብረት ወይም የእርሳስ ክብደት ስለሚያመዛዝናቸው በአንድ እጅ ይነሣሉ። ገመዱ ሲበጠስ ብዙ ሰው መስኮቱ የሞተ ይመስለዋል፤ የሚለወጠው ግን ገመዱ ብቻ ነው። በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ደግሞ ያለ ፈቃድ መስኮት መለወጥ አይቻልም። እማማ ይህን ስነግራቸው «ደግ ሕግ ነው» አሉ።

ከተነቀለው መስኮት ጤነኛው ክፍል ተቆርጦ ለሌሎቹ መጠገኛ ሆኗል፤ የቀረው ከማድ ቤት በስተጀርባ ቆሟል፥ ለማገዶ የሚነካው የለም። አዲሱ መስኮት ክረምቱ ሲገባ አብጦ መዝጋቱ ያስቸግር ጀመርና ልልገው ብል፥ ጋሼ «ጥቅምት ይግባ፤ ያን ጊዜ ራሱ ይለቃል፤ ዛሬ ብትልገው በበጋ ነፋስ ታስገባለህ» ብለው መላጊያውን ከእጄ ወሰዱብኝ።