ሰው እንዴት ተኩላ ይሆናል? (በፊልም ማለቴ ነው!)

በዚህ እትም የሥነ ጥበብ አምድ ተራው የእኔ ነው። የማወራችሁ ስለ ዌርዎልፍ ነው። ዌርዎልፍ ማለት በአውሮፓውያን ተረት ውስጥ ሌሊት ሌሊት ወደ ተኩላ የሚቀየር ሰው ነው። እኔ «ተኩላ ሰው» እያልኩ እጠራዋለሁ።

ይህን ርዕስ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በእረፍት ሰዓት «የድሮው ፊልም ይሻላል»፣ «ኧረ የኮምፒውተሩ ይሻላል» እየተባባልን የምንጨቃጨቀው ነገር መልስ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ትንንሽ ልጆች እንዲህ ዓይነት ፊልም ተደብቀው ያዩና ማታ ሽንት ቤት ብቻቸውን መሄድ ይፈራሉ። ታናሽ እህቴ አንዷ ናት። እንዴት እንደሚሠራ ሳስረዳት «ታዲያ ጎማ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። አሁንም «በር ላይ ቁምልኝ» ማለቷ ባይቀርም እንደ ድሮው እየጮኸች አትሮጥም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ፊልሞቹ በጣም የሚያስፈሩ ስለሆኑ ለልጆች አይሆኑም። እኔም ከአጎቴ ጋር ሆኜ ያየሁት የተመረጡ ክፍሎችን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሳወዳድር ሦስት ጥያቄ ጠይቄአለሁ።
1ኛ. ሰውየው ሲቀየር ያሳዩናል ወይስ ይደብቁብናል?
2ኛ. በምን ተሠራ?
3ኛ. ተኩላ እየሆነ እያለ ውስጡ ያለው ሰው ይታየናል?
በእኔ አስተያየት ትልቁ ጥያቄ ሦስተኛው ነው። ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

ሀ) የጸጉርና የሙጫ ዘመን

በ1935 «ዌርዎልፍ ኦቭ ለንደን» የሚባል ፊልም ወጣ። ተዋናዩ ሄንሪ ሃል ነው። እዚያ ፊልም ላይ ሰውየው ሲቀየር የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ግን ብልህ ነው። ሰውየው እየተራመደ በምሰሶዎች ጀርባ ያልፋል። ከአንዱ ምሰሶ ጀርባ ብቅ ባለ ቁጥር ጸጉሩ ይጨምራል። እኛ ምሰሶውን እያየን እነሱ ቀረጻውን ቆርጠው ሜካፑን ቀይረዋል ማለት ነው። ድብብቆሽ በሉት።

የዚህ ፊልም ሜካፕ ሠሪ ጃክ ፒርስ ይባላል። በ1931 የወጣውን የፍራንከንስታይንን ፊት የሠራውም እሱ ነው። በ1941 ደግሞ «ዘ ዎልፍ ማን» ለተባለው ፊልም ተዋናዩን ሎን ቼኒ ጁኒየርን ተኩላ አደረገው። የጎማ አፍንጫ ሰጠው፤ ፊቱ ላይ ደግሞ የያክ ጸጉር በሙጫ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ለጠፈበት። ያክ በቲቤት ተራሮች የሚኖር ጸጉራም የከብት ዓይነት ነው። ሥራው ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ተዋናዩም ያን ሁሉ ሰዓት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማታ ደግሞ የተለጠፈው ሁሉ ይላቀቃል።

ለውጡን ያሳዩን እንዲህ ነው። ተዋናዩ ሳይንቀሳቀስ ትንሽ ጸጉር ይለጠፍበትና ይቀረጻል። ካሜራው ይቆማል። ሌላ ጸጉር ይጨመርና እንደገና ይቀረጻል። በመጨረሻ አንዱ ምስል እየደበዘዘ ሲጠፋ ሌላው እየደመቀ እንዲመጣ አድርገው ያያይዙታል። በደብተር ጥግ ላይ ስዕል ስለን ገጹን ቶሎ ቶሎ ስንገልጥ ስዕሉ የሚንቀሳቀስ ይመስል የለ? የአጎት ልጅ ነው በሉት። የሚገርመው ግን በዚህ ፊልም ሰውየው ተኩላ ሲሆን የምናየው የእግሩን ለውጥ ብቻ ነው። ፊቱ ሲቀየር የሚታየው መጨረሻ ላይ ሲሞት፣ ከተኩላ ወደ ሰው ሲመለስ ነው።

ታዲያ ይህ ተኩላ ሸሚዝና ሱሪ ለብሶ በሁለት እግሩ ነው የሚሄደው። የዛሬ ልጅ ቢያየው ይስቅበታል። እኔ ግን ዓይኑን ተመልከቱት እላለሁ። ፒርስ ዓይኑን አልሸፈነውም። ያ ሁሉ ጸጉር መሐል የተጨነቀ ሰው ዓይን አለ።

ለ) የፊኛ ዘመን

1981 ለተኩላ ሰው ትልቅ ዓመት ነበር። ሁለት ፊልም በአንድ ዓመት! አንደኛው በጆ ዳንቴ የተዘጋጀው «ዘ ሃውሊንግ» ነው። ሥራውን የጀመረው ሪክ ቤከር የሚባል ሜካፕ ሠሪ ነበር፤ ወደ ሌላኛው ፊልም ሲሄድ ግን ለረዳቱ ለሮብ ቦቲን ተወለት። ቦቲን ያኔ ገና የሃያዎቹን ዕድሜ መጀመሩ ነበር። መምህርና ተማሪ በአንድ ዓመት ተወዳደሩ ማለት ነው።

ቦቲን ምን አደረገ? ከቀጭን የጎማ ቆዳ ሥር ትንንሽ ፊኛ መሳይ ከረጢቶች ቀበረ። በቱቦ አየር ሲነፋባቸው ግንባሩና ጉንጩ ያብጣል፤ አየሩ ሲወጣ ይሟሽሻል። ከቆዳው ሥር የሆነ ነገር የሚሳብ ይመስላል። ኧረ ያስጠላል! በመጨረሻ የሚወጣው ተኩላ ረጅም ነው፤ በሁለት እግሩ ይቆማል፤ ጆሮው ወደ ላይ የተቀሰረ ነው።

እዚህ ጋ ልዩነቱን ልብ በሉ። በዚህ ፊልም ኤዲ የሚባለው ሰው የሚቀየረው ፈልጎ ነው። ደስ እያለው፣ እየኮራ ነው። ስለዚህ እንፈራዋለን እንጂ አናዝንለትም። አንድ ጉድለትም አለው፤ ለውጡ በጣም ረጅም ስለሆነ ፊት ለፊቱ የቆመችውን ሴት «ምን ትጠብቂያለሽ? ሩጪ እንጂ!» ማለት ያምራችኋል።

ሐ) መብራቱ የበራበት ክፍል

ሁለተኛው የ1981 ፊልም በጆን ላንዲስ የተዘጋጀው «አን አሜሪካን ዌርዎልፍ ኢን ለንደን» ነው። ዴቪድ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት እንግሊዝ አገር ለጉብኝት ሄዶ በተኩላ ሰው ይነከሳል። አብሮት የነበረው ጓደኛው ጃክ ይሞታል። ተዋናዩ ዴቪድ ኖተን ነው፤ ሜካፑ የሪክ ቤከር።

ከዚያ በፊት እንዲህ ዓይነቱ ነገር ብዙውን ጊዜ በጨለማ፣ በጭስና በጥላ ይሸፈን ነበር። እዚህ ግን ክፍሉ መብራት በርቶበታል። ዴቪድ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ሲያነብ ቆይቶ በድንገት «ተቃጠልኩ!» ብሎ እየጮኸ ልብሱን ያወልቃል። እጁን ሲያይ መዳፉ እየረዘመ ነው። የጀርባው አጥንት ከቆዳው ሥር ወደ ላይ ይገፋል። በመጨረሻ አፍንጫና አፉ ተጎትቶ የተኩላ አፍ ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከኋላ የሚሰማው ዘፈን ቀስ ያለና ደስ የሚል ነው። ዘፈኑ የሚያስፈራ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልዘገነነን ነበር።

እንዴት ተሠራ? አራቱን ዘዴ ልንገራችሁ።

1. የሚረዝም እጅና ፊት፦ የሚታየው የተዋናዩ እጅ አይደለም። ከሚለጠጥ ጎማ የተሠራ የውሸት እጅ ነው፤ ከውስጡ ወደ ውጭ የሚገፉ መሣሪያዎች አሉበት። ጭንቅላቱም እንደዚሁ ተሠርቷል።

2. የሚበቅል ጸጉር፦ በውሸት ቆዳ ላይ ጸጉር ሰክተው ከሥር ወደ ውስጥ እየሳቡ ቀረጹት። ከዚያ ፊልሙን ወደ ኋላ አጫወቱት። ወደ ውስጥ የገባው ጸጉር በቅሎ የወጣ መሰለ። በቃ ይኸው ነው!

3. ወለሉ፦ ዴቪድ መሬት ላይ ተጋድሞ ግማሽ አካሉ ተኩላ ሆኖ የሚታይበት ቦታ አለ። ወለሉ ተበስቶ ነው። የተዋናዩ እውነተኛ ገላ ከወለሉ ሥር ተደብቋል። ከላይ የሚታየው ጭንቅላቱና እጁ የራሱ ሲሆን የቀረው ሰው ሠራሽ ነው።

4. አራት እግሩ፦ ሙሉ ተኩላ ከሆነ በኋላ በአራት እግሩ ይሄዳል። ውስጡ ሰው አለ። ያ ሰው በደረቱ ጣውላ ላይ ተኝቶ በእጆቹ የፊት እግሮቹን ያራምዳል፤ ከኋላ ደግሞ ሌሎች ሰዎች እንደ ካሪዮላ ይገፉታል።

ይህ ሁሉ ልፋት ፊልሙ ላይ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ግን ኦስካር ለሜካፕ በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት ሲጀምር የመጀመሪያውን የወሰደው በዚህ ሥራ ሪክ ቤከር ነው። በዕድሜው በጠቅላላው 7 ኦስካር አግኝቷል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ልመለስ። ዴቪድ እየተቀየረ፣ አጥንቱ እየተንቋቋ፣ በመሐል የሞተውን ጓደኛውን በስሙ እየጠራ ይቅርታ ይጠይቀዋል። አስቡት! ተኩላ እየሆነ ያለ ሰው የጓደኛው ነገር ያሳስበዋል። ለእኔ ከጎማውም ከጸጉሩም የሚበልጠው ይህ ነው።

መ) ሌሎቹን በአጭሩ

ማይክል ጃክሰን ይህን ፊልም አይቶ ስለወደደው ላንዲስን ጠርቶ በ1983 «ትሪለር»ን አሠራው። ሜካፑም የቤከር ነው። ጭፈራውን የማያውቅ የለም። መጀመሪያው ላይ ግን ማይክል ጨረቃ ስትወጣ ይቀየራል። በደንብ ካያችሁት የሚሆነው ተኩላ አይደለም፤ ጢም ያለው ትልቅ ድመት መሳይ ነው።

በ1984 የወጣው «ዘ ካምፓኒ ኦቭ ዉልቭስ» ደግሞ ሌላ ሐሳብ አመጣ። ተኩላው ከሰውየው አፍ ውስጥ አፍንጫውን አውጥቶ ይወጣል። ውስጡ ተደብቆ ነበር ማለት ነው።

ሠ) ኮምፒውተርስ?

በ2010 «ዘ ዎልፍማን» እንደገና ተሠራ። ፊቱን የሠራው ያው ቤከር ነው፤ ሰባተኛውን ኦስካር ያገኘውም በዚህ ነው። ለውጡን ግን በአብዛኛው በኮምፒውተር ሠሩት። ፈጣን ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ኮምፒውተር መጥፎ ነው አልልም። ግን የ1981ዱ እጅ እውነት እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ መብራቱ አርፎበታል፣ ጥላ ጥሏል። ዓይናችን ይህን ያውቃል መሰለኝ።

የእኔ ማርክ ከ10፦
የ1935ቱ — 5
የ1941ዱ — 8 (ለዓይኑ)
«ዘ ሃውሊንግ» — 7
የለንደኑ አሜሪካዊ — 10
«ትሪለር» — 8
የ2010ሩ — 6

ረ) ቤታችሁ ሞክሩት

ያልተነፋ ፊኛ በስስ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትታችሁ ቀስ ብላችሁ ንፉት፤ የቦቲንን ቆዳ ታገኛላችሁ። ሁለተኛ፣ ካርቶን በስታችሁ ክር አሳልፉበት። ክሩን ከሥር እየሳባችሁ በስልክ ቅረጹና ወደ ኋላ አጫውቱት። ጸጉር በቀለ!

ሰ) የእኛስ ጅብ?

በእኛ አገር ወሬ ሰው የሚቀየረው ወደ ተኩላ ሳይሆን ወደ ጅብ ነው። ማታ ማታ ስለ ቡዳ የሚወራውን ሁላችንም ሰምተን አድገናል። ይህ ስም የሚለጠፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሸክላ በሚሠሩና ብረት በሚቀጠቅጡ ሰዎች ላይ ነው። ምጣዳችንና ጀበናችን፣ ማረሻችንና መጥረቢያችን ከእነሱ እጅ ነው የመጣው።

በ1941ዱ ፊልም ላሪ የሚባለው ሰው የተነከሰው አንዲት ሴት በተኩላ ስትበላ ሊያድናት ሮጦ ነው። በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ያፈጥበታል። ሳይቀመጥ ይወጣል። ያኔ ፊቱ ላይ አንድም ጸጉር የለም። ከፊልሙ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር እኛ ዘንድም አለ። እናቱ ሸክላ ስለምትሠራ ብቻ «ጅቦ» የሚባል ልጅ አውቃለሁ። ዴስክ ላይ አብሮት የሚቀመጥ የለም። የፊልሙ ጸጉር በሙጫ የተለጠፈ ስለሆነ ማታ ይላቀቃል። እሱ ላይ የተለጠፈው ስም ግን ቤቱ ድረስ አብሮት ይሄዳል። ጅብ የሚሆን ሰው የለም፣ ልጆች። ተኩላም የሚሆን የለም። ሰውን እንዲያ ለማስመሰል ጎማ፣ ፊኛ፣ የያክ ጸጉርና የብዙ ሰዎች ልፋት አስፈልጓል። ይህንን ለትንንሾቹም ንገሩልኝ። ያ ልጅ ይህን ካነበበ ደግሞ ከእኔ አጠገብ ቦታ እንዳለ ይወቅ።

በማርኬ የማትስማሙ ተቃውሟችሁን ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ በር ላይ ባለው ሳጥን ጨምሩ። «ኮምፒውተር ይሻላል» የምትሉም ምክንያታችሁን ጻፉ፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከዚያው ቸር ሰንብቱ!