ከደንዲ እስከ ካልካታ፦ ሙያቸውን ይዘው ወደ ሕንድ የተሻገሩ የስኮትላንድ የጁት ባለሙያዎች

ቡና፣ እህልና ስኳር በጆንያ ተሞልተው ከአገር ወደ አገር ሲጓጓዙ ማየት ለማንም እንግዳ አይደለም። ጆንያ የሚሠራበት ጁት የተባለው የቃጫ ተክል በአንድ ወቅት እጅግ የተራራቁ ሁለት ከተሞችን፣ ማለትም የስኮትላንዷን ደንዲንና በዛሬ ስሟ ኮልካታ የምትባለውን የሕንዷን ካልካታን አስተሳስሮ ነበር። ከአንደኛዋ ወደ ሌላኛዋ የተደረገው የባለሙያዎች ፍልሰት ስለ ኢንዱስትሪ ልማትና ስለ እውቀት ሽግግር ብዙ የሚያስተምር ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጁት በስፋት የሚበቅለው በቤንጋል፣ ይኸውም በዛሬዋ ባንግላዴሽና በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ግዛት ነው። ቃጫው ደረቅ በመሆኑ በመሣሪያ ለመፍተል አስቸጋሪ ነበር። የደንዲ ፋብሪካዎች በ1830ዎቹ ቃጫውን በዓሣ ነባሪ ዘይትና በውሃ በማለስለስ ችግሩን ፈቱት። የክራይሚያ ጦርነት (ከ1853 እስከ 1856) ከሩሲያ ይመጣ የነበረውን የተልባ ቃጫ በማስተጓጎሉ፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (ከ1861 እስከ 1865) ደግሞ የጆንያ ፍላጎትን በማናሩ የከተማዋ ኢንዱስትሪ በፍጥነት አደገ። ካምፐርዳውን የተባለው ፋብሪካ ብቻ በገነነበት ወቅት 5,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት።

ይሁን እንጂ ጥሬ ዕቃውን በመርከብ አጓጉዞ ከማምረት ይልቅ በሚበቅልበት አካባቢ ማምረት እንደሚያዋጣ ባለሀብቶች መገንዘባቸው አልቀረም። ጆርጅ አክላንድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1855 ከደንዲ ያስመጣቸውን የመፍተያ መሣሪያዎች በካልካታ አቅራቢያ፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሪሽራ ተከለ። ከአራት ዓመት በኋላም በባራናጋር በእንፋሎት ኃይል የሚንቀሳቀሱ የሽመና መሣሪያዎች ሥራ ጀመሩ።

መሣሪያዎቹን የሚተክል፣ የሚጠግንና ምርቱን የሚመራ ሰው ያስፈልግ ስለነበር ሥራ አስኪያጆች፣ መሐንዲሶችና የክፍል ተቆጣጣሪዎች ከደንዲ በኮንትራት ወደ ቤንጋል መጓዝ ጀመሩ። “ጁት ዋላ” የሚል ስያሜ የተሰጣቸው እነዚህ ሰዎች አብዛኞቹ ሙያውን በፋብሪካ ውስጥና በማታ ትምህርት የቀሰሙ ነበሩ። በደንዲ የፋብሪካው ሥራ በአመዛኙ በዝቅተኛ ደመወዝ በተቀጠሩ ሴቶች ይሸፈን ስለነበር ለወጣት ወንዶች የነበረው የዕድገት ዕድል ጠባብ ነበር። በካልካታ ግን የተሻለ ደመወዝ፣ መኖሪያ ቤትና የቤት አገልጋዮች ይጠብቋቸው ነበር። በአንጻሩ ሙቀቱና እንደ ኮሌራና ወባ ያሉ በሽታዎች ብዙዎችን ለሞት ዳርገዋል። በ1820 የተከፈተው የካልካታ የስኮትላንዳውያን መካነ መቃብር ለዚህ ምስክር ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የካልካታ ፋብሪካዎች ደንዲን በልጠው ተገኙ። የደንዲን ሠራተኛ እንጀራ ያሳጣው በአገሩ የተሠራ መሣሪያና በአገሩ ልጆች የተሻገረ ሙያ መሆኑ የታሪኩ አሳዛኝ ገጽታ ነው።

የሕንድ ሠራተኞችም ቢሆኑ የጥቅሙ ሙሉ ተካፋይ አልነበሩም። በ1920ዎቹ መጨረሻ ቁጥራቸው ከ300,000 በላይ ቢደርስም የአመራርና የቴክኒክ ኃላፊነቶች ለረጅም ጊዜ በአውሮፓውያን እጅ ቆይተዋል። ተቆጣጣሪዎቹ የሠራተኛውን ቋንቋ በሚገባ ስለማያውቁ የዕለት ተዕለት ቅጥርና ቁጥጥር “ሰርዳር” ለሚባሉ አለቆች ተትቶ ነበር፤ ይህም ለጉቦና ለበደል በር ከፍቷል። በ1929 እና በ1937 የተካሄዱት ታላላቅ የሥራ ማቆም አድማዎች የተጠራቀመውን ቅሬታ አደባባይ አውጥተውታል።

ከ1919 ጀምሮ እንደ ቢርላ ያሉ ሕንዳውያን ባለሀብቶች የራሳቸውን ፋብሪካ ማቋቋም ጀመሩ። በ1947 ሕንድ ነፃ ስትወጣና ስትከፈል ፋብሪካዎቹ በሕንድ፣ አብዛኛው የጁት ማሳ ደግሞ በምሥራቅ ፓኪስታን ቀረ። ከነፃነት በኋላም የስኮትላንዳውያኑ ቁጥር እየተመናመነ ሄደ። በደንዲ የመጨረሻው የጁት ፋብሪካ የተዘጋው በ1999 ሲሆን፣ ቬርዳንት የተባለው ፋብሪካ ዛሬ ሙዚየም ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮችን መረዳት ይቻላል። አንደኛው፣ በአንድ ምርት ላይ ብቻ የተመሠረተ ከተማ ገበያው ሲዞርበት መጠጊያ እንደሚያጣ ነው። ሁለተኛው፣ ፋብሪካ መትከል በራሱ የእውቀት ሽግግር አለመሆኑ ነው። የውጭ ባለሙያ በኮንትራት ሲቀጠር በማን፣ በስንት ዓመትና በምን ሥልጠና እንደሚተካ በውሉ ካልሰፈረ፣ ሙያው ከባለሙያው ጋር መጥቶ ከባለሙያው ጋር ሊመለስ ይችላል።